ጨጓራ ነው ብለን ያሳደርነው ደም

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባታችን 64 ዓመታቸው ነው። ለጉልበት ሕመማቸው ከአራት ወር በላይ ዳይክሎፌናክ ሲወስዱ ቆይተዋል፤ ሲብስባቸው መርፌውን፣ ሻል ሲላቸው ኪኒኑን። ባለፈው ወር ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ለእናታችን ነገሯት፣ እሷ ለእኔ ደወለች፣ እኔም ጨጓራቸው ተነሥቶባቸው ይሆናል፣ በርበሬ ይተዉ አልኳት። ይህን ያልኩት ሰኞ ማታ ነው። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ በሩ ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ የደማቸው መጠን የሚታወቅበት ሄሞግሎቢን 5.8 ብቻ ነበር። ሦስት ከረጢት ደም ተሰጣቸው። እዚያ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ ገብቶ ሆድ ዕቃን የሚያሳየው ካሜራ፣ ስለሌለ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ ተላኩ፤ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስለት ተገኘ፣ የሚደማው ሥርም በመርፌና በክሊፕ ተዘጋ። አሁን ቤት ናቸው፣ ተመስገን።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ይህ ደም ይመለሳል ወይ? ከዚህ የሚተርፈውስ ስንቱ ነው? አንድ የምለውም አለኝ። በእኛ ቤት ጨጓራ የሚለው ቃል ለቃር ይሆናል፣ ለሆድ መነፋት ይሆናል፣ ለንዴትም ይሆናል። ደም ሲፈስም በዚያው ስም ጠራነው። ስሙን ስለለመድነው በሽታውንም የለመድነው መሰለን። ሰው የሚሞትብን ሕክምና በማጣት ብቻ ሳይሆን በዚህ ቃል ምክንያትም ነው እላለሁ።

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። ክሩ 31 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ሳያነቡ ያንኑ ጥያቄ ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ በራሴ አነጋገር እተርክላችኋለሁ።

ከ1 እስከ 3 ያሉት እግዜር ይማርልህ ያሉን ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን። 3ኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት ይመስሉኛል፤ ለአባቴ ጠዋት በባዶ ሆድ ለብ ያለ የተልባ ውሃ፣ ማታ ደግሞ ወተት እንድንሰጣቸው፣ የእሳቸው ባለቤት በዚህ እንደዳኑ ጻፉ።

4ኛዋ ደሴ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ለዚህ ክር የአከርካሪ አጥንቱ እሷ ነበረች። በመጀመሪያ ለ3ኛዋ እናት በአክብሮት መለሰች፤ ተልባው ሆድ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ የተከፈተ ደም ሥር አይዘጋም፣ ወተትም ለጊዜው ያበርድና ኋላ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ጥያቄ መጣች። ከቁስለት የሚመጣ ደም ከአሥር ሰው በስምንቱ ላይ በራሱ ይቆማል። አስጊዎቹ የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ማን ከሁለቱ እንደሆነ ደግሞ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ የለም። ደሙ ከቆመ በኋላ እንደገና የሚፈስበት ጊዜ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስለሆነ ነው ሐኪሞች ሰውየው ደህና ሆኖ እየታየም አልጋ ላይ የሚያቆዩት። በላይኛው ሆድ ዕቃ መድማት ሆስፒታል ከገቡት በ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ዕድሜ ሲጨምር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት በሽታ ሲጨመርበት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለአባቴ ግን ተስፋው ጥሩ ነው አለች፤ ቁስለቱ ታይቷል፣ ተዘግቷል፣ መነሻውም ይታወቃል። መጨረሻ ላይ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ተመርምረዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የመውጫ ወረቀታቸውን አገላብጬ አየሁ። አልተመረመሩም።

5ኛው ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ በጨዋነት አረመኝ። ጽሑፌ መርፌው ጨጓራን እንደማይነካ ያስመስላል አለ። ለካ እኛም ቤት ውስጥ እንደዚያ ነበር የምናስበው፤ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ይጎዳል፣ መርፌው ግን ዳሌ ላይ ስለሚወጋ ከጨጓራ ጋር አይገናኝም። ሰውየው እንዳስረዳው ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪንም ጭምር፣ ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ነገር በመቀነስ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከገዛ አሲዱ የሚጠብቀውን ልጋግ የሚያመርተውም ይኸው ነው። መድኃኒቱ በየትም ይግባ፣ በደም በኩል እዚያው ይደርሳል። ይህን ያወቅሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አባቴ የመጨረሻዎቹን መርፌዎች የተወጉት ጨጓራቸውን አመም ሲያደርጋቸው፣ ለሆዳቸው ይሻላል ብለን ነበር።

6ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው በቀጥታ 5ኛውን ያዘ፤ ያለ ማዘዣ ሸጣችሁ፣ ገንዘቡን ተቀብላችሁ፣ አሁን ታስተምሩናላችሁ አለ። 7ኛው የፋርማሲው ሰው መልስ ነው፤ ከፍቶታል። ወገቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ፓራሲታሞል ሲሰጡት ይህ ለልጅ ነው ብሎ እንደሚመልሰው፣ እሱ ከለከለ ማለት ሰውየው ሁለት በር አልፎ እንደሚገዛ ጻፈ። 8ኛዋ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብላ ልታስታርቅ ሞከረች። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በአራት ወር ውስጥ አባቴን ከዚህ በፊት ጨጓራ ታሞ ያውቃል ወይ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ማዘዣ ባይኖር እንኳ ይህ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

9ኛው የሁዳዴው 55 ቀን ጾም አቁስሏቸው እንዳይሆን ጠረጠረ። 10ኛው ተቆጣ፤ ሁሉን ነገር በጾም ማላከክ ፋሽን ሆኗል አለ። 11ኛው አንድ ዲያቆን ነው፤ ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱ ጾሙን እንደሚያቀሉለት፣ መድኃኒት መዋጥም ኃጢአት እንዳልሆነ በለሰለሰ ቃል ጻፈ። በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ የጨመረለት ሰው ነበር፤ በዚያው ተዘጋ።

12ኛው የሕክምና ተማሪ ነው። ጾሙም ንዴቱም በርበሬውም ዋናው ምክንያት እንዳልሆነ ለማሳየት ከአውስትራሊያ ታሪክ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፐርዝ ከተማ ውስጥ ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ያንን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪን፣ አሳደጉ። አሲድ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ሊኖር አይችልም ተብለው ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ ማስመለስ ጀመረው፣ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ተማሪው ከዚህ በታች የጻፈው ነበር፤ ይህ ደም ይመለሳል ወይ ለሚለው መልሱ እዚያ ስለነበር። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ቁስለቱ ድኖ ባክቴሪያው ካልጠፋ፣ ቁስለቱ ተመልሶ ሊደማ ይችላል፤ ባክቴሪያው ከጠፋና የሕመም ማስታገሻው ከቆመ ግን የመመለሱ ዕድል በእጅጉ ይወርዳል። ስለ ምርመራውም አስጠነቀቀ። በደም የሚታየው ምርመራ ድሮ የነበረውንም ስለሚያሳይ መዳንን አይነግርም፤ የሰገራው ይሻላል፣ እሱም መድኃኒቱ ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት ሲሞላው። ኦሜፕራዞል እየተዋጠ ወይም ደም እየፈሰሰ ምርመራው የለም ቢል አይታመንም፤ አለ ካለ ግን አለ ነው። በማግሥቱ አባቴን አስመረመርን። ምርመራው ባክቴሪያው አለ አለ።

13ኛው መልስ ለእኔ ነበር። ሰኞ ነግረውህ ሐሙስ ድረስ ምን ስትሠራ ነበር፣ የተማርክ ሰው ነህ፣ አባትህ በአንተ ምክንያት ሊሞቱ ነበር አለኝ። ቃሉ ከዚህም የከረረ ነው፣ ሁሉን አልደግመውም። በ14ኛው ላይ እውነት ነው ብዬ መለስኩ። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

በዚያው ማታ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ 15ኛው መልስ ገባ። ጅዳ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ለወገቧ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ኢቡፕሮፌን እንደምትውጥ፣ ከትናንት ጀምሮ ሰገራዋ እኔ እንደጻፍኩት እንደ ሬንጅ ሆኖ ሽታው እንደተለየባት፣ ከተኛችበት ስትነሣ ዓይኗ እንደሚጨልም ጻፈች። ለአሠሪዋ መናገር ፈርታለች፤ ሥራ ጠልታ ነው እንዳትባል። ጥያቄዋ እስከ ዓርብ ብታገሥ ችግር አለው ወይ የሚል ነበር።

16ኛዋ የደሴዋ ነርስ ናት፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መለሰች። ሲነሡ ዓይን መጨለም ማለት ሰውነት ብዙ ደም አጥቶ እየተፍጨረጨረ ነው፣ ዓርብ ሳይሆን አሁን አለቻት። ሰገራ ለማጥቆር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ደም እንደሚበቃ፣ የእሷ ግን ከዚያ እንዳለፈ ምልክቱ እንደሚናገር አስረዳቻት። 17ኛው ወተት ጠጥታ ትተኛ፣ ጠዋት ይሻላታል አለ። 18ኛው በዚህ ሰው ላይ ጮኸበት፤ ይህ ምክር ሰው ይገድላል፣ አጥፋው አለው። በዚህ ክር ውስጥ የተጻፈው በጣም የከረረ ቃል ይህ ነው፤ እኔም ቢሆን ከዚያ የለሰለሰ አልጽፍም ነበር። 19ኛው ሪያድ የሚኖር ሰው ነው። የአምቡላንሱ ቁጥር 997 እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ሁላችንም ያላሰብነውን አሰበ፦ ዐረብኛው ቢጠፋብሽ አትጨነቂ፣ ደም በዐረብኛም ደም ነው፣ ሆድሽን ይዘሽ ደም በያቸው፣ ይገባቸዋል አላት።

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። የሌሊቱን ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ገጹን እየከፈትኩ አየሁ። ምንም የለም።

20ኛው ጠዋት የገባ ነው፤ የሌሊቱን አላነበበም። ነፍሰ ጡር ባለቤቱ የብረት ኪኒን ጀምራ ሰገራዋ ጠቁሯል፣ እኛም እንሩጥ ወይ አለ። በ21ኛው ላይ ነርሷ አረጋጋችው። የብረት ኪኒን ያጠቁራል፣ ግን ጠንከር ያለና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ የደሙ ግን ይጣበቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ሽታውም አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ከተጠራጠረ ለይቶ የሚያውቀው የጤና ባለሙያ ነው አለችው።

22ኛው ጎርጎራ አጠገብ ያደገ ሰው ነው፤ የ4ኛዋን ቁጥር ሊያርም መጣ። ወንድሙ 29 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሌሊት ግማሽ ባልዲ የሚሆን ደም አስመለሰ፤ ደሙ በራሱ ቆመ። የሄደበት ጤና ተቋም ጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ሰጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኦሜፕራዞል ዋጠ። ሁለተኛው ደም ሲመጣ መንገድ ላይ ሞተ። በኋላ ነው ቤተሰቡ ጣፊያው አብጦ እንደነበርና ነገሩ ከጉበት እንደሆነ ከሌላ ሐኪም የሰማው። ጣና ዳር በልጅነቱ ሲዋኝ የኖረ ልጅ ነበር፤ ብልሃርዚያ። የትሉ እንቁላል ጉበት ውስጥ በሚገቡት ደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል። መንገዱ የተዘጋበት ደም በሌላ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ በምግብ ቧንቧው ታችኛ ጫፍ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ይወጠራሉ፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና አልኮልም ጉበትን አጠንክረው እዚሁ ያደርሳሉ።

ሰውየው ያለው ነርሷ የጠቀሰችው ተስፋ የቁስለት ተስፋ ነው፣ ሁሉም ሰው ያንን አንብቦ አይጽናና የሚል ነው። ነርሷም እውነቱን ነው ብላ ተቀበለች። ከእነዚህ ሥሮች የደማ ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ100 ከ15 እስከ 20 ይደርሳል፤ ከዳነ በኋላ ካልታከመ ደግሞ ከግማሽ በላዩ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይደማል። ጉበቱ የጠነከረበት ሰው ይብስበታል፤ የብልሃርዚያው ሰው ጉበቱ ሥራውን ብዙ ጊዜ ስለማያቆም፣ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ዓመት ይኖራል። ሕክምናው የተወጠሩትን ሥሮች በኢንዶስኮፒ በትንንሽ ላስቲክ ማሰርና በሥሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚቀንሰውን ፕሮፕራኖሎል መውሰድ ነው። ኦሜፕራዞል ብቻውን ይህን ደም አያቆመውም። የጎርጎራው ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደተሰማው አላውቅም፤ ወንድሙ ሁለት ዓመት ነበረው። ጨጓራ የሚለው ቃል ይገድላል ስል የጻፍኩትን እሱ ኖሮታል።

ከ23 እስከ 25 ወሬው ወደ እንዶድ ሄደ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን አንዱ አነሣ፤ ሌላው በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘታቸውን ጨመረ። 25ኛው ክሩ ስለ ደም ነው፣ እንዶዱን ለሌላ ቀን አቆዩት ብሎ ገሠጻቸው። እኔ አልተቀየምኩም። የጎርጎራው ልጅ በሽታ የጀመረው ከቀንድ አውጣው ነውና፣ መንገዱ ያን ያህል የራቀ አይደለም።

26ኛዋ እስራኤል ውስጥ የምትሠራ አስተርጓሚ ናት። ሽማግሌዎቻችን ልቤን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይወጋኛል ሲሉ ብዙ ጊዜ የጨጓራውን አካባቢ ማለታቸው ነው፤ ቃል በቃል የተተረጎመለት ሐኪም ግን የልብ ምርመራ ያዛል። ስለዚህ ልብ ሲሏት እጃቸውን የት እንዳደረጉ እንደምታይ፣ ስለ ሰገራ ቀለምም ራሷ ቀድማ እንደምትጠይቅ ጻፈች፤ እነሱ በልጅ ፊት ያፍራሉና ከቶ አይናገሩም። ይህን ሳነብ አባቴ ለምን ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ እንደነገሯት ገባኝ።

27ኛው በቁጣ የገባ ነው። እህቱ ስትደማ ሄሞግሎቢኗ 7.4 ሆኖ ሳለ ሐኪሙ ሌላ ደም አልሰጥም ብሎ፣ ለመስጠት የተሰለፉትን ዘመዶች መለሰ፤ ይህ ጭካኔ ነው አለ። በ28ኛው ላይ ያ የሕክምና ተማሪ መለሰ። ባርሴሎና ውስጥ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሄሞግሎቢን ከ7 በታች ሲወርድ ብቻ ደም የተሰጣቸውን፣ ከ9 በታች ሲሆን ከተሰጣቸው ጋር አወዳደረ፤ በስድስት ሳምንት 95 ከመቶ እና 91 ከመቶ ተርፈዋል፣ የበለጠ የተረፉት ጥቂት የወሰዱት ናቸው። ደም ሲበዛ በሥሮቹ ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍ ብሎ የተደፈነውን ሊከፍት ይችላል። ለልብ ሕመምተኛ ግን ልኩ ይለያል። ተማሪው በተቃራኒው የሚያሳስተውንም ነገረን፦ ሰው እንደደማ ወዲያው የሚለካው ሄሞግሎቢን ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የጎደለው በፈሳሽ እስኪተካ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቁጥሩ ጥሩ ነው ተብሎ ወደ ቤት የተመለሰ ሰው እንደገና ካጠቆረው ወረቀቱን ይዞ ይመለስ። 27ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም፤ ተረጋግቶ እንደሆነ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

29ኛውን የጻፈችው የጅዳዋ ልጅ ናት። አምስተኛ ቀኗ ነበር። ያን ሌሊት የአሠሪዋን ልጅ ቀሰቀሰቻት፤ ዐረብኛው አልጠፋባትም፣ ግን ሲጨንቃት ደም የሚለውን ብቻ ደጋግማ አለች። ልጅቷ ራሷ በመኪና ወሰደቻት። ሄሞግሎቢኗ 6.1 ነበር፣ ሁለት ከረጢት ደም ወሰደች፣ ቁስለቷ እንደ አባቴ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነበር፣ በክሊፕ ተዘጋ። ሥራዋን አላጣችም። ለሪያዱ ሰው ብቻ ሦስት መስመር ምስጋና ጻፈች። ለእናቴ አንብቤላት አለቀሰች።

30ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ እናቱ ለልባቸው የሚወስዱትን አስፕሪን ዛሬውኑ አስጥያለሁ አለ። ነርሷ ወዲያው እንዲመልስላቸው ለመነችው፤ የልባቸው ደም ሥር ውስጥ ማስፊያ ሽቦ የተደረገላቸው ናቸውና። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የሚደማ ቁስለት ታክሞላቸውም አስፕሪኑን የቀጠሉት ካቋረጡት ይልቅ በሁለት ወር ውስጥ የሞቱት ጥቂት ነበሩ። ለልብ የታዘዘን አስፕሪን ያዘዘው ሐኪም ያቁመው፣ ከጎኑም ኦሜፕራዞል ይጠይቁ አለችው። ይህን የጻፍኩት ለጉልበት በሚወሰደውና ለልብ በሚወሰደው መካከል ልዩነት እንዳለ ሳላስቀምጥ ስለነበር ጥፋቱ የእኔም ነው።

31ኛው መልስ አጭር ነው፤ ሁላችንም የረሳነውን ጠየቀ። የአባትህ ጉልበትስ አለ።

ጉልበታቸው ያማቸዋል። ፓራሲታሞል ይወስዳሉ፣ ማታ እናታችን በሙቅ ጨርቅ ትይዝላቸዋለች፣ ከዘራም ገዝተንላቸዋል፤ ከዘራውን አይወዱትም። የባክቴሪያውን መድኃኒት 14 ቀን ሳያቋርጡ ቅዳሜ ጨርሰዋል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚለብሱትን ኮት እናታችን ልታጥብ ስታወጣው፣ በውስጥ ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስድስት ፍሬ ዳይክሎፌናክ አገኘች። ድሮ የቀረ ነው አሏት። ፊታቸው ሽንት ቤት ጣለችው፣ ከዚያም ደውላ ነገረችኝ።